እሳት ያየ ዘር

ፊሌና ገብስ ስታምስ ምጣዱን አታየውም፤ ትሰማዋለች እንጂ። ገብስ እሳት ሲነካው መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ እንደ ሩቅ ዝናብ ያንሾካሹካል። ከዚያ አንዲት ፍሬ ጠስ ትላለች፣ ሌላዋ ትከተላለች። ያኔ ምጣዱ ካልወረደ በሶው ይመርራል። ይህን ከእናቷ ተማረችና በኦርኮሜኖስ ከእሷ የተሻለ ገብስ የምታምስ ሴት የለችም እስኪባል ደረሰች። ሰርግ የደገሰ፣ መንገድ ያሰበ፣ ልጁ ዘመቻ የሚወጣበት ሁሉ ገብሱን ተሸክሞ ደጃፏ ይመጣል።

ቤቷ ከኮፓይስ ሐይቅ ዳር ነበር። ባሏ ድርያስ ዝናብ ሲጀምር ያርሳል፤ ብርዱ ሲበረታ በሸምበቆው መሃል ወጥመድ እየጣለ ያንን እንደ እባብ የሚጥመለመል የሐይቁን ዓሣ ያጠምዳል። ከሰው ይልቅ ከበሬዎቹ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። ወሬውን ሁሉ ለእናቱ ለሃርሞ የተወላት ይመስላል፤ እሷ ደግሞ ከማለዳ እስከ ማታ አፏ አያርፍም። አንዲት ልጃቸው ሚካ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ጣቶቿ ቀልጣፋ ናቸው ተብሎ ከቤተ መንግሥት ሸማኔዎች ጋር ገባች።

የንጉሡን ቤት ነገር የማያውቅ የለም። የአታማስ የመጀመሪያ ሚስት ኔፌሌ ሰው አልነበረችም፤ ደመና ነበረች። ፊሌና ገና ሙሽራ ሳለች በገበያ መሃል ስታልፍ አይታታለች፤ የረገጠችው ድንጋይ እርጥብ ሆኖ ይቀር ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ከአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ አትቆይምና አንድ ማለዳ ጉሙ ከሐይቁ ሲነሣ አብራው ተነሣች። ፍሪክሶስና ሄሌ የሚባሉ ወንድና ሴት ልጆቿን ትታ ሄደች።

ሄሌ ትንሽ ሳለች ከሞግዚቷ እያመለጠች ወደ ፊሌና ምድጃ ትመጣለች። "የፈነዳውን ብቻ ስጪኝ" ትላታለች። ፊሌና የፈነዳውን ሽምብራ ትለቅምላታለች። ልጅቷ ከዚያ ላይ አንዲቷን ፍሬ "ይቺ የእናቴ ናት፣ ስትመጣ እሰጣታለሁ" ብላ በልብሷ ጫፍ ትቋጥራለች። በሩ ጋ ሳትደርስ ግን ፈትታ ትበላታለች።

ንጉሡ ጥቂት ዓመት ብቻውን ቆይቶ የቴብሱን ንጉሥ የካድሞስን ልጅ ኢኖን አገባ። ሴቶቹ ወደዷት። ኔፌሌን ማንም ደፍሮ "እንዴት አደርሽ" ብሏት አያውቅም፤ ኢኖ ግን ከውኃ ቀጂዎች ጋር ቆማ ትስቃለች፣ አራስ ትጠይቃለች፣ ያለቀሰ ሕፃን ካየች ተቀብላ ታባብላለች። እሷም ሁለት ወንዶች ወለደች፤ ሌያርኮስና ሜሊኬርቴስ። ይሁንና አገሩን የሚወርሰው ፍሪክሶስ ነበር። ልጁ ባደገና ትከሻው በሰፋ ቁጥር ኢኖ እሱ ሲገባ ሳቋን ማቆም ጀመረች። ይህን ለቤተሰቧ የነገረችው ሚካ ናት። ሃርሞም "የእንጀራ እናት ሳቅ ድሮስ መቼ ረጅም ሆኖ ያውቃል" ብላ አለፈችው።

የመዝሪያው ወቅት ሲቃረብ ኢኖ ፊሌናን አስጠራቻት። ንግሥቲቱ ከግቢው የበለስ ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ ትንሹ ሜሊኬርቴስ ጭኗ ላይ ሆኖ የአንገቷን ጨሌ እየጎተተ ነበር ፊሌና የደረሰችው።

"ስለ እጅሽ ብዙ ሰምቻለሁ" አለቻት።

"እጅ አይደለም እመቤቴ፣ ጆሮ ነው።"

ኢኖ ሳቀች። "እንግዲያው ጆሮሽን አውሺኝ። የዘንድሮውን ዘር እንድታሞቂልኝ ነው። ቆሎ አድርጊው አላልኩሽም፤ ሞቅ ይበል ብቻ። ቀለሙ ሳይለወጥ፣ ሳይሸት።"

"የሚዘራውን?"

"አዎ፣ የሚዘራውን። አገሬ እንዲህ ነው የሚደረገው። ነቀዙ ይሞታል፣ የሐይቁም እርጥበት ይወጣለታል። ሴቶቹ ሁሉ ዘራቸውን እዚህ ያመጣሉ፣ አንቺ ታሳያቸዋለሽ። የሴት ሥራ ስለሆነ ወንዶች ካወቁት አይሠራም።"

"እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሳት ያየ ዘር አይበቅልም።"

"ብዙ ያየ አይበቅልም። አንቺን የጠራሁሽ ለዚህ አይደል?" ልጇን ወደ ሌላው ጭኗ አዛወረችው። "ሚካ ያንቺ ልጅ ናት አይደል? ጣቶቿ ይገርሙኛል። አንዳንዴ የሽመናው ቤት አለቃ ላድርጋት እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ቴብስ ላሉት እህቶቼ ልላካት እላለሁ። እስካሁን አልቆረጥኩም።"

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንዲያውም የፊሌናን ክንድ ዳበስ አድርጋ ነው ያሰናበተቻት። ፊሌና ግን ቤቷ እስክትደርስ የምታስበው ሚካን ብቻ ነበር።

አራት ቀን ሙሉ በግቢው ምድጃዎች ተደረደሩ። ሴቶቹ ዘራቸውን በዘንቢል እያመጡ ይስቃሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ባሎቻቸው የማያውቁት ነገር በመሥራታቸው ብቻ ደስ ብሏቸዋል። ፊሌና ከምጣድ ወደ ምጣድ እየዞረች "አውርጂው፣ በቃው" ትላለች። የንግሥቲቱ ደንገጡር ከኋላዋ እየተከተለች "ትንሽ ይቆይ" ትላለች። በመጀመሪያው ቀን ፊሌና ተከራከረች፤ በሁለተኛው አጉረመረመች፤ በሦስተኛው ገብሱ ማንሾካሾክ ሲጀምር ሰምታ ዝም አለች። ዘሩ መሞቱን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አውቃለች። ለራሷ ግን "ምናልባት የቴብስ ሰዎች የሚያውቁት ይኖር ይሆናል" እያለች ሠራችው።

እቤት ስትመለስ ሃርሞ ወገቧን ይዛ ጠበቀቻት።

"ይሞቃል ነው ያላችሁት? ዘር ምን ብርድ አግኝቶት ነው የሚሞቀው?"

"የንግሥቲቱ ትእዛዝ ነው እማማ።"

"ንግሥቲቱ መቼ አርሳ ታውቃለች? የባሌ አባት የዘራውን ዘር ነው የያዝኩት። የእኔን ዘር እሳት አያየውም ብያለሁ።"

የደንገጡሯ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለሚያዩ ፊሌና የቤቱን ዘር ወስዳ አመሰችው። ሃርሞ ግን አንዱን ጋን ቀድማ አልጋዋ ሥር አስገብታ አሮጌ ድሪቶ አልብሳው ነበር። ፊሌና አየችው። አይታም ዝም አለች። በዚያ ሳምንት ካደረገችው ሁሉ የማትጸጸትበት ያንን ዝምታ ብቻ ነው።

ዝናቡ በሰዓቱ መጣ። ድርያስ አረሰ፣ አለሰለሰ፣ ዘራ። አሥር ቀን አለፈ፤ ሃያ ቀን አለፈ። ማሳው እንደ ተጠረገ ግቢ ራቁቱን ቆመ። አንድ ጠዋት ድርያስ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ጫረና ያበጠ፣ የጠቆረ፣ ሲጨምቁት የሚፈርጥ ፍሬ አወጣ። ሌላ ቦታ ጫረ፤ ያው ነው። ከዳር እስከ ዳር የሁሉም ሰው ማሳ እንደዚያው ነበር።

"መሬቱ ሞቷል" አለ እቤት ገብቶ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ብርዱን በዓሣ ገፉት። ብርዱ ሲያልፍ ሴቶቹ የሚበላ ቅጠል ፍለጋ ወደ ተራራው ወጡ፤ የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ቀቅለው መራራውን ውኃ እየደፉ በሉ። ድርያስ ሁለቱን በሬዎች በየተራ አረደ፤ ሁለተኛውን ባረደ ቀን ራት አልበላም። የመከሩ ጊዜ ሲደርስ በአውድማው ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ካሉት ከኮፓይ ከተማ ሰዎች ዘር እናምጣ ያለ ሰው አልጠፋም፤ ግን "በሞተ መሬት ላይ የተለመነ ዘር ለማባከን ነው?" እየተባለ ቀረ። እንዲያውም ጓዙን ጠቅልሎ አገር ስለመልቀቅ የሚያወራው ሰው በዛ።

በዚያ ሰሞን ሃርሞ ወደ አልጋዋ ሥር ጎንበስ ስትል ፊሌና ደረሰችባት።

"አንድ እፍኝ ብቻ። ታምሺልኛለሽ፣ በሶ እናደርገዋለን" አለች አሮጊቷ። ፊቷ ላይ አጥንቱ ወጥቷል። "አንድ ቀን እንኳ የሰው ምግብ ልብላ።"

"አንዲት ፍሬ አትንኪ እማማ።"

"እኔው ደብቄ እኔው ልከልከል?"

"እኔ ነኝ የምከለክልሽ። ለዚህ የፈለግሽውን ያህል ስደቢኝ፣ እሺ። ግን አትንኪው።" ሃርሞ ምራቷ እንዲህ ስትናገር ሰምታት አታውቅም። ትኩር ብላ አየቻትና ድሪቶውን መልሳ አለበሰችው።

ንጉሡ መልእክተኛውን ላምፖንን አምላክን ምክር እንዲጠይቅ ወደ ዴልፊ ቤተ መቅደስ የላከው በበጋው መጨረሻ ነው። ላምፖን ተመልሶ በአደባባይ ቆመና የቤተ መቅደሱን ቃል ተናገረ፦ ምድሪቱ የምትድነው ፍሪክሶስ በላፊስቲዮን ተራራ ላይ ሲሠዋ ነው። እየተናገረ ዓይኑን ከእግሩ አላነሣም። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ግን እምቢ ያለ አልነበረም፤ ረኃቡ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ሚካ ከቤተ መንግሥት ፈቃድ ጠይቃ መጣችና እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። "ፍሪክሶስ 'ለአገሩ ከሆነ እሞታለሁ' አለ። ሄሌ ግን ምግብ አትቀምስም፣ ልብሱን ይዛ አትለቀውም" አለቻት።

ለፊሌና ያን ጊዜ ነው የገባት። መሬቱ ካልታመመ መድኃኒት አያስፈልገውም። መድኃኒት የሚያዝለት ሰው ደግሞ የሚዋሽ ነው። ይሁንና እርግጠኛ መሆን ፈለገች። ከዘር ዘንቢሉ ግርጌ የቀሩትን ጥቂት የታመሱ ፍሬዎች ለቀመችና በእርጥብ የበግ ፀጉር ጠቀለለቻቸው። ከሃርሞ ጋን ደግሞ ያንኑ ያህል ወስዳ በሌላ ፀጉር ጠቀለለች። ሁለቱንም ጨለማ ጥግ አኖረቻቸው። በአምስተኛው ቀን ከፈተቻቸው። የሃርሞ ዘር ነጭ ሥር አውጥቶ ፀጉሩን ጨብጦታል። ሌላው ሸቷል።

ድርያስን ጠርታ ሁለቱንም ፊቱ ዘረጋችለት። "ይሄ የእናትህ ነው። ይሄ እኛ የዘራነው።"

እሱ አንዱን ፍሬ አንሥቶ አገላበጠው። "ምን ሆኖ ነው?"

"ታምሶ።"

"ማን አመሰው?"

"እኔ።"

ሁሉንም ነገረችው፤ የንግሥቲቱን ነገር፣ የሚካን ነገር፣ አራቱን ቀን። ድርያስ ሲሰማ ቆይቶ በመጨረሻ ሲናገር ድምጹ ከመሬት የሚመጣ ይመስል ነበር።

"በሬዎቼን አረድኩ።"

"አውቃለሁ።"

"መሬቱንም ሰደብኩት። አባቴ የተቀበረበትን መሬት ዓመት ሙሉ ስሰድበው ከረምኩ።"

ፊሌና ሁለቱን ፀጉር መልሳ ጠቀለለቻቸው። ከተቀመጠበት ሳይነሣ "ለምን አሁን ነገርሽኝ?" አላት።

"ከነገ ወዲያ ልጁን ሊያርዱት ነው። ሄጄ ልናገር ነው።"

"ይገድሉሻል።"

"ይሆናል።"

ድርያስ ሁለቱን ጥቅልል አንሥቶ በእጀ ጠባቡ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ አላናገራትም። የተቀጠረው ጠዋት ግን ከእሷ ቀድሞ ተነሥቶ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

ተራራው ላይ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ፍሪክሶስ አበባ ተጎንጉኖለት ከመሠዊያው አጠገብ ቆሟል። ሄሌ የልብሱን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ካህናቱ ሊያስለቅቋት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። አታማስ ቢላውን ይዟል፤ ፊቱ የሞተ ሰው ፊት ነው። ኢኖ ትንንሾቹን ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ ከኋላ ቆማለች። ፊሌና በሰዎቹ መሃል እየተጋፋች ወጣች።

"ንጉሥ ሆይ፣ መሬቱ ደህና ነው" አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን በዚያ ዝምታ ሁሉም ሰማው።

"ማን ናት?" አለ አታማስ።

"ገብስ የምታምሰዋ ፊሌና ናት" አለ አንድ ሰው።

"መሬቱ ደህና ነው። የሞተው ዘሩ ነው። እኔ ነኝ ያመስኩት። ሴቶቹን ሁሉ እንዴት እንደሚታመስ ያሳየሁ እኔ ነኝ። ባሌን ይመልከቱት፣ ማስረጃው እሱ ዘንድ አለ።" ድርያስ ወደፊት ወጥቶ ሁለቱን ጥቅልል ከንጉሡ እግር ሥር ዘረጋ። ነጩ ሥር በፀሐይ አበራ።

"ማን አዘዘሽ?"

ፊሌና ወደ ኢኖ አየች፤ ስሟን ግን ልትጠራ አልቻለችም። በዚያ መሃል ከካህናቱ ኋላ አንድ ሰው በጉልበቱ ወደቀ። ላምፖን ነበር። "እኔም ልናገር። ዴልፊ ልጁን አልጠየቀችም። ያንን ቃል አፌ ውስጥ ያስገቡት እመቤቴ ናቸው" አለ።

አታማስ ወደ ሚስቱ ዞረ። ኢኖ አልካደችም። የልጆቿን እጅ አጥብቃ ይዛ "አንተ ስትሞት የእኔ ልጆች ምን ይሆናሉ?" አለች። "በፍሪክሶስ በር ላይ ቆመው ፍርፋሪ ሊለምኑ ነው? አስቤ አስቤ ሌላ መንገድ አጣሁ።"

ከካህናቱ ሽማግሌው ግን ለአምላክ የተሰጠ መሥዋዕት አይመለስም ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ መጯጯህ ጀመረ። ንጉሡ ቢላውን እንደያዘ ወዲያና ወዲህ ያያል፤ የሚያደርገው ጠፍቶታል።

ያን ጊዜ ደመናው ወረደ። ፊሌና በኋላ ሰው ሲጠይቃት ከዚህ የተለየ አልተናገረችም፦ ደመናው ከላይ አልመጣም፤ ሰው በር ከፍቶ እንደሚገባ ከጎን ገባ። ድንጋዩ ሁሉ ረጠበ። ከውስጡ ጠጉሩ ወርቅ የሆነ ትልቅ አውራ በግ ወጣና በመሠዊያውና በልጁ መሃል ቆመ። ፍሪክሶስ እንደሚያውቀው ሁሉ ጀርባው ላይ ወጣ፤ ሄሌንም ስቦ ከኋላው አስቀመጣት። ልጅቷ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ተራራውንና ሕዝቡን አየች። ከዚያ በጉ መሬቱን ረግጦ ተነሣ፤ ደመናው አብሮት ተነሣ። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ እስኪጠፉ ድረስ ማንም አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ዝናቡ ወረደ፤ ቢላው ከንጉሡ እጅ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ገባ።

የዚያ ቤት መጨረሻ አላማረም። አታማስ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አእምሮው ተናወጠና ሌያርኮስን አጋዘን መስሎት በቀስት ገደለው። ኢኖ ሜሊኬርቴስን አቅፋ ሸሽታ ከባሕር ገደል ላይ ዘለለች አሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ቆይቶ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ኦርኮሜኖስ የሚያስበው ስለ ዘር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የፊሌና ደጃፍ በሰው ተሞላ። ከፊት የቆመችው ጎረቤቷ ጎርጎ ናት። አባቷ በረኃቡ ወራት ነው የሞተው።

"አባቴ የባሉጥ ፍሬ እያላመጠ ሞተ" አለች ጎርጎ። "አንቺ ታውቂ ነበር?"

"ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ።"

"አውቀሽ ዝም አልሽ?"

"ዝም አልኩ። ለልጄ ፈርቼ ነው። ለልጄ ፈርቼ የእናንተን ልጆች አስራብኩ። የምትሉትን ሁሉ እቀበላለሁ።"

ከወንዶቹ አንዱ ድንጋይ አነሣ። ያኔ ሃርሞ በትሯን እየተደገፈች ከቤት ወጣች።

"ጣለው አንተ። ሚስትህን መጀመሪያ ጠይቃት። እሷስ ምጣድ ላይ ዘፈን ትዘፍን አልነበር?" ሴቶቹን በዓይኗ ዞረቻቸው። "ሁላችሁም አምሳችኋል። ያልተናገራችሁት ሁላችሁ ሆናችሁ ሳለ ዛሬ እሷ ብቻዋን ትወገር? ዓመት ሙሉ ለባልሽ ዝም ያልሽ አንቺም፣ አንቺም፣ አንቺም።"

ሴቶቹ ጭንቅላታቸውን ደፉ። ወንዶቹ ወደየሚስቶቻቸው ዞሩ። ጎርጎ፣ ያችው ጎርጎ፣ "እኔም አምሻለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ሽታው ሲቀየር ሸትቶኛል። ምን አገባኝ ብዬ ነው።" ከኋላዋ ሌላዋ ተናገረች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ድንጋዩ መሬት ወደቀ። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንድ ባል ሚስቱን ጥሎ ሄዶ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የተመለሰው።

ፊሌና የሃርሞን ጋን ጎትታ አወጣችና በሁሉም ፊት ከፈተችው። "መሬቱ አልሞተም። ይሄም አልሞተም" አለች። "ትንሽ ነው፤ ለሁሉ አይበቃም። እያካፈላችሁ ከምትበትኑት አንድ ማሳ ላይ ይዘራ።"

"የማን ማሳ ላይ?" አለ አንድ ሰው።

"አባቷ በሞተባት ሴት ማሳ ላይ" አለ ድርያስ። ከተራራው ከወረዱ ወዲህ ቃል ሲተነፍስ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ጎርጎ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። መሬቱ ደህና መሆኑን ያወቁ ሰዎች እንደ በፊቱ አልሆኑም። ድርያስና ስድስት ወንዶች ጀልባቸውን በዓሣ ሞልተው ወደ ኮፓይ ተሻገሩ፤ በዓሣው ለውጠው የገብስና የስንዴ ዘር ይዘው ተመለሱ። በሬ ያልቀረለት ቤት ብዙ ነበርና ሰዎች ራሳቸው ሞፈር ጎተቱ። ፊሌናም ከድርያስ ፊት ገመድ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጎተተች። እሱ እርፉን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ሁለቱም አይነጋገሩም፤ ትልሙ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ዘሩ ከገባ በዘጠነኛው ቀን ፊሌና ውኃ ቀድታ ስትመለስ ድርያስ ከጎርጎ ማሳ ዳር ተንበርክኮ አገኘችው።

"ነይ እስቲ" አላት።

እንስራዋን አስቀምጣ አጠገቡ ተንበረከከች። አፈሩ በብዙ ቦታ ተሰንጥቋል፤ ከየስንጥቁ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ወጥቷል። ድርያስ በጣቱ ጫፍ ነካው። ከዚያ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ጀመር፤ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ጀርባውን ዳበሰችው። እጇን አልገፋውም።

"ስለ በሬዎቹ ገና አልበረደልኝም" አላት ቆይቶ።

"ይገባሃል" አለች። "እኔም አልበረደልኝም።"

በዚያ ዓመት የተሰበሰበው ገብስ ብዙ አልነበረም፤ ግን ከአውድማው ላይ ሣሩን ነቅለው ወቁት። በአውድማው ዕለት ሰዎቹ ስለ ዘር ተመካከሩ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቤት ከሚያገኘው ላይ ጥቂት እያወጣ በአንድ የጋራ ጎተራ ይቀመጥ ተባለ። ጠባቂው ማን ይሁን ሲባል አንድ ቀልደኛ "ዘር የገደለች ዘር ትጠብቅ" አለ። ሰዉ ሳቀ። ፊሌና ግን አልሳቀችም። "እጠብቃለሁ" አለች። ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረና የጎተራው ቁልፍ እሷ ዘንድ ሆነ። በየዓመቱ ከመዝራት በፊት ከየጋኑ ጥቂት ወስዳ በእርጥብ ፀጉር ትጠቀልላለች፤ የበቀለውን ለሰዎቹ ሁሉ ታሳያለች። ይህን ሳያይ ዘር የሚወስድ ቤት የለም።

ከአራት ዓመት በኋላ ከምሥራቅ ባሕር የመጣ ነጋዴ ወሬ ይዞ መጣ። ፍሪክሶስ ፀሐይ መውጫ ያለ አገር ደርሶ የዚያን አገር ንጉሥ ልጅ አግብቷል። ሄሌ ግን በመንገድ እጇ ዝሎ ከበጉ ጀርባ ላይ ወድቃለች፤ የወደቀችበትን ባሕር ሰዎች በስሟ ይጠሩታል። ፊሌና ያን ቀን ምድጃ አላነደደችም። ነጋዴው ሌላም ነገር ነገራቸው፦ ኢኖ ሰጥማ አልቀረችም፤ ነጭ ሻሽ ያደረገች የባሕር እመቤት ሆና ማዕበል ያጠቃቸውን መርከበኞች ታወጣለች።

"ይሄን ታምኛለሽ?" አለቻት ጎርጎ።

ፊሌና ብዙ አሰበች። "ሕፃን ሲያለቅስ ሮጣ ታነሣ ነበር" አለች። "ያንን አይቻለሁ። የቀረውን አላውቅም።"

ሚካ ሽመናውን ከተማረች በኋላ የኮፓይ ሰው አገባችና ማዶ ሄደች፤ ሦስት ልጆች ወለደች። ሃርሞ ሰባ ዓመት አልፏት፣ አፏ ሳያርፍ፣ በእንቅልፏ ሞተች። ፊሌናና ድርያስ ሁለት ጥጆች አሳድገው በሬ አደረጓቸው።

ፊሌና ስታረጅ አንድ ዓመት ሐይቁ ከልክ በላይ ሞላ። ዘሩ በበቀለ በወሩ ውኃው ተነሥቶ የታችኛውን ማሳ ሁሉ ዋጠው። ሰዎቹ ወደ ጎተራው ሲመጡ አሮጊቷ በሩን ከፍታ፣ ዘሩን በዘንቢል በዘንቢል ከፋፍላ ጨርሳ ነበር።

"ወቅቱ አላለፈበትም?" አላት አንድ ወጣት አራሽ።

"ስድስት ቀን ይቀረዋል" አለችው። "ላይኛው ተዳፋት ላይ ዝሩት፤ ድንጋዩን የሚለቅም ሰው ግን ያስፈልጋችኋል።"

ወጣቱ ዘንቢሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ፊሌና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ድንጋይ ልትለቅም ተከተለችው።